ከቁምስና መዝገብ እስከ ዘረመል፦ የፈረንሳይ ካናዳውያን የዘር ሐረግ እንዴት ይጠናል?

በ1669 አንዲት ከፈረንሳይ የመጣች ሴት በኩቤክ ከተማ ትዳር ያዘች። ጋብቻዋም እንደ ወጉ በቁምስናው መዝገብ ላይ ሰፈረ። ከ336 ዓመታት በኋላ፣ ማለትም በ2005፣ የኩቤክ ተመራማሪዎች ከዘመናችን ሕሙማን ተነሥተው መዛግብቱን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየቆጠሩ እዚያው ገጽ ላይ ደረሱ። በፈረንሳይ ካናዳውያን ወጣቶች ላይ የሚከሠተውን አንድ በዘር የሚተላለፍ የዓይን ሕመም ወደ አገሪቱ ይዛ የገባችው ይህችው ሴት እንደሆነች ይፋ አደረጉ። ይህን ለማወቅ መቃብር መቆፈርም ሆነ አጥንት መመርመር አላስፈለጋቸውም። ያስፈለጋቸው የጥቂት ሕሙማን ደምና የብዙ ቀሳውስት የእጅ ጽሑፍ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የፈረንሳይ ካናዳውያን የዘር ሐረግ መዛግብት ምን እንደሚመስሉ፣ አንድ ተራ ሰው የቤተሰቡን ታሪክ በእነርሱ እንዴት እንደሚከተል፣ የሥነ ሕዝብና የሥነ ዘር ሊቃውንትም ከእነርሱ ምን እንዳተረፉ እንመለከታለን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አስቀድመን ማስታወስ እንወዳለን።

ጥቂቶች ዘርተው ብዙዎች የበቀሉባት ምድር

ሳሙኤል ደ ሻምፕሌን በሴን ሎራን ወንዝ ዳር የኩቤክን ከተማ የቆረቆረው በ1608 ነው። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ እንግሊዞች አገሪቱን እስከያዙበት እስከ 1760 ድረስ፣ ከፈረንሳይ መጥተው በዚያው ቀርተው ቤተሰብ የመሠረቱት ሰዎች 10,000 ያህል ብቻ እንደነበሩ ይገመታል። ለአንድ ሰፊ ምድር ይህ እጅግ ትንሽ ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ ሴቶቹ በለጋነታቸው ያገቡና ብዙ ይወልዱ ስለነበር፣ በ1760 የሕዝቡ ቁጥር ወደ 70,000 ተጠግቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ከፈረንሳይ የሚመጣው ሰው ከሞላ ጎደል ስለቆመ፣ ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያን በአመዛኙ የእነዚያ ጥቂት ሰፋሪዎች ተወላጆች ናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቅኝ ግዛቲቱን ያስቸገራት ትልቁ ነገር የሴት ማነስ ነበር። የንጉሡ እንደራሴ ዣን ታሎን በ1666 ባስቆጠረው የሕዝብ ቆጠራ 3,215 ሰዎች የተመዘገቡ ሲሆን፣ ከእነዚህ 2,034ቱ ወንዶች፣ 1,181ዱ ብቻ ሴቶች ነበሩ። ይህንኑ ለማስተካከል የፈረንሳይ መንግሥት ከ1663 እስከ 1673 ባሉት ዓመታት 770 ያህል ልጃገረዶችንና መበለቶችን የመርከብ ወጪያቸውን ችሎ ልኳል። እነዚህ ሴቶች «የንጉሡ ልጆች» በሚል ስም ይታወቃሉ። በመግቢያችን የጠቀስናት ሴትም ከእነዚሁ አንዷ ነበረች።

ቄሱ የመዘገበው

የጋብቻ፣ የልደትና የሞት ምዝገባ በፈረንሳይ የጀመረው በካናዳ ሰፈራ ከመመሥረቱ በፊት ነው። በ1539 የወጣው የቪሌር ኮትሬ ድንጋጌ የጥምቀት መዝገብ እንዲያዝ አዘዘ፤ በ1579 የወጣው የብሉዋ ድንጋጌ ደግሞ ጋብቻንና ቀብርን ጨመረበት። በ1667 የወጣው ሕግ መዝገቡ በሁለት ቅጂ እንዲያዝ፣ አንዱ በቁምስናው ሲቀር ሌላው ለፍርድ ቤት እንዲገባ አስገደደ። ይህ ሁለተኛ ቅጂ ለተመራማሪዎች የዋለው ውለታ በቀላሉ የሚገመት አይደለም። የእንጨት ቤተ ክርስቲያናት ባሉበት፣ ክረምቱ ስድስት ወር ምድጃ በሚያስነድድበት አገር እሳት የዘወትር ጠላት ነበርና፣ አንዱ ቅጂ ሲቃጠል ሌላው ይተርፋል። ሁለተኛ ቅጂ ባልነበረበት ዘመን ግን የኩቤክ ከተማ መዝገብ በ1640 ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ተቃጠለ። ኢየሱሳውያን ካህናት ያለፉትን ዓመታት ጥምቀቶችና ጋብቻዎች ከትውስታቸው መልሰው ጻፉት። መንደሩ ትንሽ በመሆኑ እያንዳንዱን ሰው በስም ያውቁት ነበር። እንግዲህ በ1621 የሚጀምረው የአገሪቱ ጥንታዊ መዝገብ የመጀመሪያ ገጾቹ የሰው ትዝታ ናቸው።

እንግሊዞች አገሪቱን ከያዙ በኋላም ይህ ሥርዓት አልተቋረጠም። የቁምስና መዝገብ በኩቤክ እንደ ሕጋዊ የዜጎች መዝገብ ሆኖ እስከ 1993 መጨረሻ ድረስ አገልግሏል፤ ከጥር 1994 ጀምሮ ነው ሥራው ሙሉ በሙሉ ወደ መንግሥት የተዛወረው። ይህን ያህል ረጅምና ያልተቆራረጠ፣ መላ ሕዝብን የሚሸፍን መዝገብ በዓለም ላይ የተለመደ አይደለም። የኩቤክ ሕዝብ ለምርምር እንዲህ ተፈላጊ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መዝገቦቹ ምን ይዘዋል? የጥምቀት ቃል የሕፃኑን ስም፣ የተወለደበትንና የተጠመቀበትን ቀን፣ የአባቱንና የእናቱን ስም፣ የክርስትና አባትና እናቱን ስም ይይዛል። የቀብር ቃል ደግሞ የሟቹን ዕድሜ ብዙውን ጊዜ በግምት ይነግረናል፤ በተለይ የአረጋውያን ዕድሜ ሲጋነን ማየት የተለመደ ነው። ከሁሉም የላቀው የጋብቻ ቃል ነው። በእርሱ ላይ የሙሽራውና የሙሽራይቱ ስም ብቻ ሳይሆን የሁለቱም ወላጆች ስምና ቁምስና፣ ከዚህ በፊት አግብተው ከነበረም የሟች የትዳር ጓደኛቸው ስም፣ በመጨረሻም የምስክሮች ስምና ዝምድና ይገኛል። አንድ የጋብቻ ቃል ሁለት ትውልድ ያገናኛል ማለት ነው። ስለዚህ የዘር ሐረግ ፈላጊው ሥራ ከጋብቻ ወደ ጋብቻ መሻገር ነው፦ የራስን ወላጆች ጋብቻ ፈልጎ ያገኛል፤ በእርሱ ላይ የአያቶቹን ስም ያነባል፤ የአያቶቹን ጋብቻ ይፈልጋል፤ እንዲህ እያለ እስከ ባሕር ማዶው ቁምስና ይደርሳል። በዚህ መንገድ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ጋብቻዎችን ያገናኘ ሰው 1600ዎቹ ላይ ይቆማል።

እዚህ ላይ ለእኛ አንባቢ እንግዳ ያልሆነ አንድ ነገር እናገኛለን። በፈረንሳይ ካናዳ መዛግብት ሴት ልጅ ስታገባም፣ ስትወልድም፣ ስትቀበርም የምትጻፈው በአባቷ ቤት ስም ነው። በአገራችንም ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ እንደምትቀጥል ሁሉ፣ የኩቤክ ቄስም ሙሽራይቱን በባሏ ስም አልሸፈናትም። የእንግሊዝ ልማድ በሚከተሉ አገሮች የእናት ወገን ሐረግ በየትውልዱ ስሙ ስለሚጠፋ ፍለጋው በጨለማ መዳሰስ ይሆናል። በኩቤክ ግን የእናት እናት እናትን መከተል የአባት አባት አባትን ከመከተል እምብዛም አይከብድም። ይህ ነገር የሳይንስ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ኋላ እንመለስበታለን።

ስም ሲለዋወጥ

ከላይ የተነገረው ሁሉ ነገሩን ቀላል ያስመስለዋል። ዳሩ ግን ፈላጊውን ከመንገዱ የሚያስቱት ወጥመዶች ጥቂት አይደሉም፤ ከሁሉም የሚበረታው የስም ጉዳይ ነው።

ብዙዎቹ ሰፋሪዎች ሁለት የቤተሰብ ስም ነበራቸው። በመካከሉ «ዲ» የሚል ቃል ይገባል፤ ትርጓሜውም «የሚባለው» ማለት ነው። ለምሳሌ «ኡዶን ዲ ቦሊዩ» ማለት «ቦሊዩ የሚባለው ኡዶን» ማለት ነው። ቅጽል ስሙ አንዳንዴ በወታደርነት ዘመን የተሰጠ ነው፤ አንዳንዴ የትውልድ ቦታን፣ አንዳንዴም የመልክ ወይም የጠባይ ምልክትን ያመለክታል። ችግሩ ልጆቹ አንዱን ስም ይዘው ሌላውን መጣላቸው፣ ያውም ወንድማማቾች የተለያየውን መምረጣቸው ነው። ስለዚህ ዛሬ ኡዶን የሚባል ሰውና ቦሊዩ የሚባል ሰው ፍጹም ባዕድ መስለው እየታዩ፣ በመዝገብ ሲመረመሩ የአንድ አባት ልጆች ሆነው ይገኛሉ። አንድ ሰው እንኳ ሲጠመቅ በአንደኛው፣ ሲያገባ በሌላው ስም ተጽፎ ሊገኝ ይችላል።

የአጻጻፉም ነገር ሌላ ነው። አብዛኛው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር፤ በብዙ የጋብቻ ቃል ግርጌ «ሙሽሮቹ መፈረም እንደማይችሉ ገልጸዋል» የሚል እናነባለን። ስለሆነም ቄሱ ስሙን እንደሰማው ይጽፈዋል፤ ሌላው ቄስ ደግሞ በራሱ ጆሮ። ከዚህም በላይ ከ1840 እስከ 1930 ባለው ጊዜ 900,000 ያህል ፈረንሳይ ካናዳውያን ወደ አሜሪካ፣ በተለይም ወደ ኒው ኢንግላንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተሰደዋል። በዚያ ስማቸው ከነትርጓሜው ወደ እንግሊዝኛ ተገለበጠ፦ «ሩዋ» (ንጉሥ) ኪንግ ሆነ፤ «ለብላን» (ነጩ) ኋይት ሆነ፤ «ቡዋቬር» (አረንጓዴው ጫካ) ደግሞ ግሪንውድ ተባለ። በማሳቹሴትስ የሚኖር አንድ ግሪንውድ አያቶቹን በእንግሊዝ መዛግብት ሲፈልግ ዕድሜውን ቢጨርስ አይገርምም።

የመጠሪያ ስምም ቢሆን አያርፍም። ከጊዜ በኋላ ወንድ ሕፃን ሁሉ «ዮሴፍ»፣ ሴት ሕፃን ሁሉ «ማርያም» የሚል የክርስትና ስም በፊቱ እየተጨመረለት መመዝገብ ልማድ ሆነ። እንግዳ የሆነ ፈላጊ አሥራ ሁለት ልጆች ካሉበት ቤት ስድስት ዮሴፍና ስድስት ማርያም አግኝቶ ግራ ይጋባል። ሕፃን ሲሞት ቀጥሎ ለሚወለደው የሟቹን ስም መስጠትም የተለመደ ነበር። ስለዚህ በ1702 የተጠመቀው ዣን በ1725 ያገባው ዣን ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ በመካከሉ የቀብር መዝገብ መታየት አለበት። በወሊድ ጊዜ ለሞት የደረሰውን ሕፃን ደግሞ አዋላጂቱ እቤት ውስጥ ውኃ አፍስሳ ታጠምቀው ነበር። እንዲህ ያለው ሕፃን ብዙውን ጊዜ ያለ ስም ይመዘገባል፤ የእርሱ መዝገብ ከቤተሰቡ ቁጥር እንዳይጠፋ ግን ሥነ ሕዝብ አጥኚዎች በጥንቃቄ ይሰበስቡታል።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉ ወረቀቶች

የቁምስናው መዝገብ ሲጎድል ወይም ሲያጠራጥር ፈላጊው ወደ ውል አዋዋዮች ወረቀት ይዞራል። ሰፋሪዎቹ ከጋብቻ በፊት በውል አዋዋይ ፊት የጋብቻ ውል መፈራረም ያዘወትሩ ነበር። ከሞት በኋላ ደግሞ የንብረት ቆጠራ ይደረጋል፤ ድስቱ፣ ላሟ፣ አሮጌው ካፖርት ሳይቀር ይዘረዘራል። እኛ እንደምናየው፣ የቁምስና መዝገብ የአንድን ቤተሰብ አጥንት ሲሰጠን ሥጋውን የሚያለብሱት እነዚህ ወረቀቶች ናቸው።

በ1634 ከፈረንሳይ የፔርሽ አውራጃ የመጣውን አናጢ ዛካሪ ክሉቲዬን እንውሰድ። ይህ ሰው መጻፍ አያውቅም ነበርና በፊርማው ቦታ ላይ የሥራ መሣሪያውን፣ መጥረቢያን፣ ይሥል ነበር። ልጁ አን ክሉቲዬ ሮቤር ድሩዋን ለተባለ ሰው ስትታጭ በሐምሌ 1636 የተጻፈው የጋብቻ ውል በካናዳ ቤተ መዛግብት ካሉት እጅግ ጥንታዊው ነው። የሥነ ሕዝብ ሊቃውንት የዚህን አናጢ ዘር ቆጥረው፣ እስከ 1800 ድረስ ያገቡ ተወላጆቹ 10,850 እንደደረሱ ጽፈዋል፤ ከሰፋሪዎቹ ሁሉ ብዙ ዘር የተቆጠረለት እርሱ ነው።

ሌላው ጠቃሚ ወረቀት የዝምድና ፈቃድ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከ1215 ጀምሮ እስከ አራተኛ ቤት ድረስ የሚዛመዱ ሰዎች እንዳይጋቡ ትከለክል ነበር። በእኛ አገር እስከ ሰባት ቤት መቁጠር እንደተለመደው ሁሉ፣ በዚያም ሙሽሮቹ ከጋራ ቅድመ አያታቸው እስከ አራት ትውልድ ይቆጠራሉ። ሆኖም በትንሽ መንደር ባዕድ ማግኘት ሲቸግር ጳጳሱ ፈቃድ ይሰጣል፤ ፈቃዱም በጋብቻው ቃል ላይ «ሦስተኛ ቤት ሲሆኑ» ወይም «አራተኛ ቤት ሲሆኑ» ተብሎ ይሰፍራል። ይህች አንዲት መሥመር ለፈላጊው ትልቅ ስጦታ ናት። የጠፋ የጋብቻ ቃል ቢኖር እንኳ ሁለቱ ሰዎች የት ላይ መገናኘት እንዳለባቸው አስቀድማ ትነግረዋለችና።

መዝገብ ያልሸሸጋቸው ሰዎች እንዳሉ ሁሉ መዝገብ የሸሸጋቸውም አሉ። በቅኝ ግዛቲቱ በባርነት የተያዙ ሰዎችን ስም ከመዛግብት የለቀመው ማርሴል ትሩደል የተባለ የታሪክ ሊቅ፣ ከ4,000 በላይ ባሮችን አግኝቷል። ከእነዚህ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ተወላጆች፣ የቀሩት አፍሪካውያን ነበሩ። በጥምቀት መዝገብ ላይ የጌታቸው ስም ይጻፋል፤ የወላጆቻቸው ስም ግን ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ አንድ ሐረግ ወደ እንዲህ ያለ ሰው ሲደርስ በዚያው ይቆማል። የአካድያ ሰዎች ዕጣም የራሱ ሐዘን አለው። በዛሬይቱ ኖቫ ስኮሺያ ሰፍረው የነበሩት እነዚህ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ከ1755 ጀምሮ በእንግሊዞች ተነቅለው ሲበተኑ፣ አብዛኛው መዝገባቸው ጠፍቷል። የግራን ፕሬ ቁምስና ሰዎች ግን መጻሕፍታቸውን ይዘው ተሰደዱ፤ ከእነርሱ የተረፈው ዛሬ በአሜሪካ ሉዊዚያና፣ በባተን ሩዥ ከተማ ይገኛል።

ከመዝገብ ወደ ኮምፒዩተር

የተበተነውን መዝገብ ወደ አንድ ለማሰባሰብ ከመጀመሪያዎቹ የተነሡት አባ ሲፕሪዬን ታንጌ ናቸው። እኚህ ካህን ከቁምስና ቁምስና እየዞሩ በእጃቸው የገለበጡትን ከ1871 እስከ 1890 ባሉት ዓመታት በሰባት ጥራዝ አሳተሙ። ስሕተት አላጣውም፤ ቢሆንም አንድ ሰው ይህን ያህል መሥራቱ ያስደንቃል። በ1940ዎቹ ገደማ ደግሞ ጋብርዬል ድሩዋን የኩቤክን መዛግብት ሁለተኛ ቅጂ በማይክሮፊልም አነሣ፤ ከ2,000 በላይ ጥቅል ሆነ። ዛሬ ሰዎች በኮምፒዩተር የሚያዩት ምስል በአብዛኛው የዚያ ፊልም ግልባጭ ነው።

ሳይንሳዊው አካሄድ የመጣው ግን ከሥነ ሕዝብ ጥናት ነው። ሉዊ ኦንሪ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ በ1956 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው መመሪያ፣ የቁምስና መዛግብትን በካርድ እየለቀሙ እያንዳንዱን ቤተሰብ መልሶ የማቆም ዘዴ ዘረጋ። ዘዴውን በ1966 የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ዩቤር ሻርቦኖና ዣክ ሌጋሬ ለመላው የኩቤክ ጥንታዊ ሕዝብ ለማዋል ተነሡ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ዠራር ቡሻር «ባልሳክ» የተባለውን የመረጃ ቋት በሳግኔ ክልል መሠረተ። ባልሳክ እየሰፋ ሄዶ ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ፣ እርስ በርስ የተያያዙ መዛግብትን ይዟል።

ኮምፒዩተር ስሞቹ እንዲህ የሚለዋወጡ ሰዎችን እንዴት ያዛምዳል? በመጀመሪያ እያንዳንዱ ስም በፊደሉ ሳይሆን በድምፁ ወደ ኮድ ይለወጣል፤ በዚህም «ጎቲዬ» በስድስት ዓይነት ቢጻፍ አንድ ኮድ ብቻ ያገኛል። ቀጥሎ ማሽኑ የሚያነጻጽረው አንድን ሰው ሳይሆን ጥንድን ነው። «ፒየር ጎቲዬ» የሚባሉ ሃያ ሰዎች በአንድ ዘመን ሊኖሩ ይችላሉ፤ «ፒየር ጎቲዬና ሚስቱ ማሪ ፓኬት» ግን አንድ ወይም ሁለት ቢሆኑ ነው። በጥምቀት ላይ ያሉ ወላጆች፣ በጋብቻ ላይ ያሉ ወላጆችና በቀብር ላይ ያሉ ባልና ሚስት ሁሉ በጥንድ ስለሚጻፉ፣ አራት የስም ክፍሎች አንድ ላይ ሲገጥሙ ስሕተቱ እጅግ ይቀንሳል። አሁንም ቢሆን ግን የቀረውን አጠራጣሪ ጉዳይ የሚቆርጠው የሰው ዓይን ነው።

እዚህ ላይ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። እያንዳንዳችን ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉን። በአሥራ ሁለተኛው ትውልድ ቁጥሩ 4,096 ይደርሳል። በ1660ዎቹ ግን ቅኝ ግዛቲቱ በሙሉ ከዚያ ያነሰ ሕዝብ ነበራት። ስለዚህ በአንድ ኩቤካዊ የሐረግ ዛፍ ላይ አንዱ ሰፋሪ በብዙ ቅርንጫፍ ደጋግሞ መምጣቱ ግድ ነው። ዛፍ ከማለት ይልቅ መረብ ብንለው የተሻለ ይገልጸዋል።

የጥቂቶች ውርስ

አንድ ሕዝብ ከጥቂት ሰዎች ሲነሣ፣ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ የተሸከመው ብርቅ የዘረመል ለውጥ በተወላጆቹ ዘንድ የተለመደ ሊሆን ይችላል። ይህን ሊቃውንት «የመሥራቾች ውጤት» ይሉታል። በኩቤክ ይህ ነገር ደረጃ በደረጃ ተደጋግሟል። ከኩቤክ ከተማ ወደ ሻርልቮዋ የተወሰኑ ቤተሰቦች ሄዱ፤ ከ1838 ጀምሮ ደግሞ በአብዛኛው ከሻርልቮዋ የተነሡ ሰዎች ወደ ሳግኔ ገቡ። በየእርምጃው ወንፊቱ ጠበበ ማለት ነው።

ታይሮሲኒሚያ የተባለውን በሽታ እንመልከት። ይህ በሽታ ያለባቸው ሕፃናት ጉበት አንድ ኢንዛይም ስለሚጎድለው መርዛማ ነገር በሰውነታቸው ይከማቻል፤ ጉበትና ኩላሊታቸው ይጎዳል። በዓለም ላይ ከ100,000 ልደት አንድ ያህል ሲገኝ፣ በሳግኔ ግን ከ1,850 ልደት አንድ ያህል ይገኛል። ምክንያቱ ሒሳቡን ስንሠራ ይገለጣል። በዚያ ክልል ከ22 ሰዎች አንዱ ገደማ የተለወጠውን ዘረመል በአንድ ቅጂ ተሸክሟል፤ ራሱ ግን አይታመምም። ሁለት ተሸካሚዎች የመገናኘታቸው ዕድል አንድ በ484 ነው፤ ከእነርሱ የሚወለደው ልጅ ሁለቱንም የተለወጡ ቅጂዎች የመውረስ ዕድሉ ደግሞ ከአራት አንድ ነው። በዚህም አንድ በ1,936 እናገኛለን፤ በመዝገብ ከታየው ጋር እጅግ ተቀራራቢ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «የሳግኔ ሰዎች ከቅርብ ዘመድ ጋር ስለሚጋቡ ነው» ብሎ ይገምታል። የዘር ሐረጉ ጥናት ይህን ግምት ውድቅ አድርጎታል። የቅርብ ዘመዳሞች ጋብቻ በሳግኔ ከሌላው የኩቤክ ክፍል የተለየ ብዛት አልነበረውም፤ ጉዳዩ ሁሉም ሰው ከሩቅ፣ ከብዙ ትውልድ በፊት፣ ተመሳሳይ መሥራቾችን መጋራቱ ነው። በአንድ ሕዝብ ላይ የተለጠፈ ነውር በመዝገብ መፋቁን እኛ ከዚህ ምርምር ፍሬዎች አንዱ አድርገን እንቆጥረዋለን። ጥቅሙ ግን ከክብር በላይ ነው። በሽታው በኩቤክ ከ1970 ገደማ ጀምሮ በአራስ ሕፃናት ደም ይመረመራል፤ ከ1990ዎቹም ወዲህ ኒቲሲኖን የተባለ መድኃኒት ከልዩ አመጋገብ ጋር ሕፃናቱን በሕይወት ያኖራል። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ከሳግኔና ከሻርልቮዋ አካባቢ የዘር ሐረግ ያላቸው ልጅ ለመውለድ የሚያስቡ ሰዎች፣ ታይሮሲኒሚያን ጨምሮ የአራት በሽታዎች ተሸካሚ መሆን አለመሆናቸውን እንዲያውቁ ምርመራ ይቀርብላቸዋል።

አሁን ወደ 1669ኟ ሙሽራ እንመለስ። ሕመሙ በሊቃውንት ዘንድ የሌበር በሽታ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ በወጣትነት ዕድሜ ላይ ያለ ሰው፣ በተለይም ወንድ፣ ያለ ምንም ሥቃይ የአንድ ዓይኑ ማዕከላዊ እይታ ይደበዝዛል፤ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ሁለተኛው ይከተላል። መንሥኤው በሚቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ላይ የሚገኝ ለውጥ ነው። ሚቶኮንድሪያ የሕዋስ የኃይል ማመንጫ ሲሆን 16,569 ፊደላት ያሉት የራሱ ትንሽ ዲ.ኤን.ኤ. አለው። በፈረንሳይ ካናዳውያን ዘንድ የሚበዛው ለውጥ በ14,484ኛው ፊደል ላይ ነው፦ ቲ በሲ ተተክቷል። ሚቶኮንድሪያ ከእናት ብቻ ይወረሳል። እናት ለልጆቿ ሁሉ ታስተላልፋለች፤ አባት ግን ለማንም አያስተላልፍም።

ስለዚህ ሕሙማኑን ለማገናኘት የሚያስፈልገው የእናትን እናት እናት እየተከተሉ መውጣት ብቻ ነበር። ሴቶች በአባታቸው ቤት ስም መጻፋቸው ዋጋው እዚህ ላይ ታየ። ተመራማሪዎቹ ከተለያየ ቤተሰብ የመጡ፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሕሙማንን የእናት ሐረግ በጋብቻ መዝገብ ወደ ላይ ሲከተሉ፣ ሐረጎቹ አንድ በአንድ እየተጠጋጉ በአንዲት ሴት ላይ ገጠሙ።

በ2017 ደግሞ ሌላ ቡድን ጥያቄውን ገለበጠው፦ ይህን ያህል የሚጎዳ ለውጥ በተፈጥሮ ምርጫ ለምን አልጠፋም? መልሱን ያገኙት ከሴትዮዋ ወደ ታች በመውረድ ነው። ከእርሷ በሴት ሐረግ የወረዱትን ሰዎች በመዝገብ ለይተው የትዳርና የልጅ ቁጥራቸውን ከሌላው ሕዝብ ጋር አነጻጸሩ። ለውጡን የተሸከሙ ወንዶች ለቀጣዩ ትውልድ ያበረከቱት ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ዋናውም ምክንያት በሕፃንነታቸው አብዝተው መሞታቸው ነበር። ይህ ማንም ሐኪም ያልጠረጠረው ነገር ነው። ሴቶቹ ግን ምንም አልጎደለባቸውም። ለውጡ የሚተላለፈው በሴቶች በኩል ብቻ ስለሆነ የወንዶቹ ጉዳት እርሱን ከሕዝቡ ሊያስወግደው አልቻለም። ይህ በንድፈ ሐሳብ «የእናት እርግማን» ተብሎ ይታወቅ ነበር፤ በሰው ልጅ ላይ በተግባር የታየው ግን በእነዚያ የቄስ ጽሑፎች ነው። ስያሜውን እኛ አንወደውም። ሴትዮዋ ያለ ጥፋቷ ነው የተሸከመችው፤ በእርሷ ዘመን ማንም ሊያውቀው የሚችል ነገር አልነበረም።

ዘረመል በተራው ለመዝገብ ውለታውን ይመልሳል። ዋይ ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ስለሚወርድ፣ ከአንድ ሰፋሪ በሁለት የተለያዩ ልጆቹ በኩል የወረዱ ሁለት ሰዎች ተመርምረው ከገጠመ፣ በመካከል ያለው የመዝገብ ሰንሰለት በሙሉ ትክክል መሆኑ በአንድ ጊዜ ይረጋገጣል። ካልገጠመ ግን አንድ ቦታ ላይ ያልተመዘገበ ማደጎ ወይም ሌላ አባት አለ ማለት ነው፤ የት እንደሆነ የሚታወቀው ሌሎች ተወላጆችን በመመርመር ነው።

በጥምቀት መዝገባቸው ላይ «ወላጆቹ ያልታወቁ» ተብሎ የተጻፈላቸው ሰዎችም በዚህ መንገድ ተስፋ አግኝተዋል። በኩቤክ ከሰኔ 2018 ጀምሮ በማደጎ የተሰጡ ሰዎች የወላጆቻቸውን ስም እንዲያውቁ የሚፈቅድ ሕግ ሥራ ላይ ውሏል፤ ስም ያልተጻፈላቸው ግን የሚከፈት ፋይል የላቸውም። እንዲህ ያለ ሰው ዲ.ኤን.ኤ.ውን ያስመረምርና በከፊል የሚገጥሙትን ባዕዳን ያገኛል። ከዚያም የእነርሱን የሐረግ መረብ ጎን ለጎን ዘርግቶ ሁሉም የሚጋሩትን ጥንድ ይፈልጋል፤ ከዚያ ጥንድ ወደ ታች እየወረደ በትክክለኛው ዓመትና በትክክለኛው መንደር የነበረውን ሰው ይለያል። ለኩቤክ ሰው ይህ ከሌላው ይከብዳል። ከአንድ ባዕድ ጋር በአምስትና በስድስት መንገድ ስለሚዛመድ፣ የሩቁ ዘመድ በምርመራው ላይ የቅርብ ዘመድ መስሎ ይታየዋል። ስለሆነም ከረጅሞቹና ካልተቆራረጡት የዲ.ኤን.ኤ. ክፍሎች መጀመር፣ ትንንሾቹን ወደ ጎን መተው፣ ያገኘውንም ጥንድ መልሶ በቄሱ መዝገብ ላይ ማመሳከር ይኖርበታል።